በነሐሴ ወደ ፍጥሞ ደሴት፦ ጉዞውን ከመርከቡ ጀምራችሁ አዘጋጁ

የግሪክ ደሴት ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው የሳንቶሪኒ ነጭ ቤት ነው። ሳንቶሪኒ ያምራል፣ ጥያቄ የለውም። እኔ ግን ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ በፊት የምመክረው ፍጥሞን ነው። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሉታል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በንጉሥ ድምጥያኖስ ዘመን ተግዞ ራእዩን ያየበት ደሴት ነው። ስፋቱ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዋሪውም 3,000 አካባቢ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የለውም።

ሁሉን ነገር የሚወስነው ይሄ የመጨረሻው ነው። በባሕር ብቻ የሚገባበት ደሴት ላይ ዕቅድ የሚነሳው ከመርከቡ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ግልባጩን ነው፦ መጀመሪያ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቀጥሎ ሆቴል፣ መርከቡን "እዚያ ስንደርስ እናያለን"። በሌላ ወር ያስኬድ ይሆናል። በነሐሴ ግን ገንዘብም ቀንም ያስበላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ደግሞ ትኬት ላይ እንደሚታተመው ነው የምጽፈው። 15:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ የፀሐይ ወቅት ነው፤ በዚህ ወቅት የግሪክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስለሆነ ከአገር ቤት የሚነሳ ሰው ሰዓቱን መቀየር አያስፈልገውም።

1. ቀኑን መምረጥ

ኦገስት 15 በግሪክ የእመቤታችን በዓል ነው። የመንግሥት በዓልም ነው። ያኔ አቴንስ ጥርግ ብላ ወደ ደሴትና ወደ ገጠር ትወጣለች። ከበዓሉ በፊት ያሉት ቀናት ወደ ደሴቶች የሚሄዱት መርከቦች፣ ከበዓሉ በኋላ ያሉት ደግሞ የሚመለሱት ይጨናነቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ በዓሉን ፈልጋችሁ ነው የምትሄዱት? ከሆነ ኦገስት 11 ወይም 12 ላይ ደሴቱ ውስጥ ሁኑ። በ14 ማታ የዋዜማው ጸሎት አለ፣ በ15 ጠዋት ቅዳሴ። ከዚያ በኋላ ምግብና ሙዚቃ ያለበት የመንደር ድግስ ይከተላል። በዓሉ ካላስፈለጋችሁ ከኦገስት 20 በኋላ ሂዱ። ግሪኮቹ መመለስ ይጀምራሉ፤ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፤ የመኝታ ዋጋም ቀስ በቀስ ይወርዳል። እኔን ብትጠይቁኝ በተለይ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ሁለተኛው ይሻላል።

የቆይታ ጊዜው ከአራት ሌሊት አይነስ። ለምን እንደሆነ ስለ ነፋሱ ስንደርስ ይገባችኋል።

2. ሰነድ

ይሄን በአጭሩ ላልፈው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ የሚሄድ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ነው። ለነሐሴ ጉዞ እስከ ገደቡ መጠበቅ ራስን ማስጨነቅ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ብትጀምሩት ይሻላል። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የምታመለክቱት በሕጋዊነት በምትኖሩበት አገር ለሚሠራው የግሪክ ቆንስላ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ሰው ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም።

ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ከፓስፖርታችሁ ወይም ከጉዞ ሰነዳችሁ ጋር ይዛችሁት ከሄዳችሁ በቂ ነው። የሁለቱንም ማብቂያ ቀን ግን አሁኑኑ እዩ። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ያስገባል።

3. መርከቡን መያዝ

ዋናው መንገድ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ ነው። ብሉ ስታር ፌሪስ የሚባለው ድርጅት ትልልቅ መርከቦች ወደ ሮድስ ሲሄዱ በተወሰኑ ቀናት ፍጥሞን ይነካሉ። በየቀኑ አለመሆኑን ልብ በሉ። ጉዞው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ተነስቶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወይም ከዚያ አልፎ ነው የሚደርሰው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ኮስ ወይም ወደ ሳሞስ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው። ዶዴካኒሶስ ሲዌይስ የሚባለው ድርጅት ጀልባዎች በእነዚህ ደሴቶች መካከል ይመላለሳሉ። ከኮስ ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ በመንገድ ካሊምኖስን፣ ሌሮስንና ሊፕሲን ይነካል። ከጀርመንና ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች በበጋ ቀጥታ ወደ ኮስ የሚበር አውሮፕላን ስላለ አቴንስን ማየት ለማይፈልግ ሰው ይቀላል።

የትኛው ይሻላል? ፈጣኑ ጀልባ ለባሕር ሕመም ይብሳል፤ ነፋስ ሲነሳም ከትልቁ መርከብ ቀድሞ ይቆማል። ሆዱ ለሚረበሽ ሰው፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ትልቁን መርከብ ነው የምመርጠው።

አሁን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ የመርከቡ የነሐሴ ፕሮግራም መውጣቱን አረጋግጡ። የፍጥሞን መሄጃና መመለሻ ቀናት ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀጥሎ በእነዚያ ቀናት መካከል ክፍል መኖሩን እዩ፤ በነጻ መሰረዝ የሚቻል ከሆነ ወዲያው ያዙት። ከዚያ የመርከብ ትኬት ቁረጡ። የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መርከቡ በሳምንት ጥቂት ቀን ነው የሚመጣው፤ ወደ አቴንስ የሚበር አውሮፕላን ግን ሞልቷል።

ትኬት ስትገዙ ርካሹ "ኢኮኖሚ" የሚባለው ነው። መርከቡ ውስጥ መግባት እንጂ የተቀመጠላችሁ ወንበር የለም። በነሐሴ ይሄ ማለት ካፌው ወንበር ላይ ወይም ደጅ መርከቡ ጀርባ ላይ ማደር ነው። ጥቂት ዩሮ ጨምራችሁ ቁጥር ያለው ወንበር ያዙ። ልጆች ወይም እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ አራት አልጋ ያለው ካቢን ለቤተሰብ ተካፍለው ሲይዙት የሚያስቆጭ ዋጋ አይደለም። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በትክክል ይጻፍ። የአባትና የአያት ስም ጉዳይ እንደ አውሮፕላኑ እዚህም ያጨቃጭቃል።

4. ማደሪያ

ደሴቱ ላይ ሁለት ዋና ሰፈር አለ። ስካላ ወደቡ ነው። ሱቁ፣ አውቶቡሱ፣ ታክሲው፣ ጀልባው ሁሉም እዚያ ነው። ሆራ ደግሞ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ዙሪያ ኮረብታ ላይ ያለችው አሮጌ ከተማ ናት። ሆራ እጅግ ታምራለች። ግን ሌሊት 02:00 ላይ ከመርከብ ወርዳችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ ሆራን መፈለግ አይመከርም። ታክሲው ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀውም ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው ስካላ ይሻላል። መኪና የሚከራይና ጸጥታ የሚፈልግ ቤተሰብ ግሪኮስ የሚባለውን የባሕር ዳር መንደር ይመልከት።

ለባለቤቱ የመርከባችሁን ስምና የመድረሻ ሰዓት አስቀድማችሁ ጻፉለት። አብዛኛው የደሴቱ አከራይ ወደቡ ድረስ መጥቶ ይቀበላል፤ ሌሊትም ቢሆን። ይሄን የማያደርግ ከሆነ ቁልፉን የት እንደሚያስቀምጥ ይንገራችሁ።

ስትከፍሉ ቦኪንግ በሚባለው የማደሪያ መያዣ ድረ ገጽ ላይ ካያችሁት ዋጋ ሌላ አንድ ክፍያ ይመጣል። መንግሥት ለአየር ንብረት አደጋ መቋቋሚያ ብሎ የሚያስከፍለው ነው። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ባለ 1 እና ባለ 2 ኮከብ 2 ዩሮ፣ ባለ 3 ኮከብ 5 ዩሮ፣ ባለ 4 ኮከብ 10 ዩሮ፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ነው። በአጭር ጊዜ የሚከራይ አፓርታማ 8 ዩሮ ነው። አከራዩ ለራሱ የጨመረው መስሏችሁ አትጨቃጨቁ።

5. ሻንጣው ውስጥ

ትንሽ ሻንጣ፤ በአንድ እጅ ደረጃ ላይ የምታነሱት። ረጅም ቀሚስ ወይም ሱሪ፣ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ። ነጠላ። ነጠላዋ ለገዳሙም፣ ለፀሐዩም፣ ለመርከቡም ትሆናለች። የመርከቡ ውስጥ በኤር ኮንዲሽነር በጣም ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ወይም ቀለል ያለች ጋቢ የያዘ ሰው ያርፋል። ኮፍያ፣ ሰንስክሪን፣ ውኃ ውስጥ የሚገባበት የላስቲክ ጫማ። በድንጋያማው ዳርቻ ላይ እሾሃም የባሕር እንስሳ አለ፣ እግር ይወጋል። የዘወትር መድኃኒታችሁን ከቀናችሁ አስበልጣችሁ ያዙ።

6. ከአቴንስ ኤርፖርት እስከ ስካላ

ከኤርፖርቱ ወደ ፒሬዎስ ሜትሮ መስመር 3 ቀጥታ ይወስዳችኋል። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የኤርፖርት ትኬቱ 9 ዩሮ ነው። ሜትሮው ሲዘጋም የሚሠራው ኤክስ 96 የሚባለው አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ይቆያል። ሜትሮ ውስጥ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ፤ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ላይ ዓይናቸውን የሚጥሉ ኪስ አውላቂዎች አሉ።

ፒሬዎስ ትልቅ ነው። በሮቹ ኢ1፣ ኢ2 እያሉ ይቆጠራሉ። ወደ ፍጥሞና ወደ ሮድስ የሚሄዱት መርከቦች የሚነሱት ብዙ ጊዜ ከኢ1 ነው፤ ኢ1 ደግሞ ከሜትሮው ሩቅ ነው። በሙቀት ሻንጣ ይዞ በእግር ይሄዳሉ ማለት ዘበት ነው። ወደቡ ውስጥ ነጻ አውቶቡስ አለ፤ እሱን ያዙ። መርከቡ 15:00 ከሆነ 13:30 ላይ በሩ ጋ ሁኑ።

የምትገቡት መኪኖች በሚገቡበት በኋላው በር ነው። ግራና ቀኝ የብረት መደርደሪያ አለ፤ የደሴቶቹ ስም ተጽፎበታል። ሻንጣችሁን ፓትሞስ የሚለው ላይ አስቀምጡ። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ስልክ ግን ከእናንተ ጋር ወደ ላይ ይውጡ። ጉዞው እስኪያልቅ የመኪናው ክፍል ይዘጋል።

ለመውረድ ቀድሞ መዘጋጀት የግድ ነው። መርከቡ ፍጥሞ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከ20 ደቂቃ በፊት ማስታወቂያ ይነገራል። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ፤ የመድረሻውን ሰዓት አምናችሁ ግን አትተኙ፣ መርከቡ ሊዘገይ ይችላል። በደረጃው ወርዳችሁ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የጭስ ማውጫ ይሸታል፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ይጠብቃል። ሰንሰለቱ እየጮኸ የብረቱ በር ይወርዳል። ከበሩ ባሻገር የስካላ መብራት፣ ከላይ ደግሞ በጨለማው ውስጥ የበራው የገዳሙ ቅጥር ይታያል። መርከበኞቹ "ፈጠን፣ ፈጠን" ሲሏችሁ አትደንግጡ፤ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። መኪናና ሞተር ብስክሌት ከእናንተ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

7. ዋሻውና ገዳሙ

የመጣችሁበት ጉዳይ ይሄ ነው፦ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻና በስሙ የተሠራው ገዳም። ስለዚህ ጥሩውን ሰዓት ለእሱ ስጡ። በነሐሴ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ጠዋት ይመጣሉ። ተሳፋሪዎቹ በአውቶቡስ ተጭነው ቀጥታ ወደ ዋሻውና ወደ ገዳሙ ይወጣሉ። ዋሻው ጠባብ ነው። ሁለት የአውቶቡስ ሰው ከገባበት ጸሎት ቀርቶ መተንፈስም ይከብዳል።

መላው ቀላል ነው። በገባችሁ ማግስት ስካላ ላይ ወይም በማደሪያችሁ የሳምንቱን የመክፈቻ ሰዓት ጠይቁ። ገዳሙና ዋሻው በየቀኑ ጠዋት ይከፈታሉ፤ ከሰዓት የሚከፈቱት በተወሰኑ ቀናት ነው። ወደቡ ላይ ትልቅ መርከብ የማይመጣበትንም ቀን ጠይቁ፣ የሱቅ ሰዎች ያውቁታል። ከዚያ በመክፈቻው ሰዓት በር ላይ ተገኙ።

ከስካላ ወደ ሆራ የሚወጣ አሮጌ የድንጋይ መንገድ አለ፤ የአህያ መንገድ ነበር። ዋሻው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ንጋት 06:30 ወይም 07:00 ላይ ብትነሱ በጥላ ትወጣላችሁ። እስከ ሆራ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ዳገት የማይችል ሰው በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ወጥቶ በእግር መውረድ ይችላል።

ዋሻው ውስጥ ለመግባት ደረጃ ወርዳችሁ ነው። ከዋሻው ጋር የተያያዘች የቅድስት ሐና ቤተ ጸሎት አለች። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ግድግዳው ላይ በብር የተከበበ ጎድጓዳ ስፍራ ታያላችሁ፦ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ጎድጓዳ አለ፤ ሲነሳ እጁን የሚደግፍበት። ከላይ ጣሪያው ዐለት በሦስት ተሰንጥቋል። ድምፁ የተሰማው ከዚያ ነው ይላሉ፤ ሦስትነቱም የሥላሴ ምሳሌ ነው። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ ይጽፍ እንደነበር የሚያሳይ ሥዕልም አለ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ዝምታው ይመጣል። እሷን ጊዜ ጠብቁ፣ አትቸኩሉ።

ገዳሙ በ1088 ነው የተመሠረተው። ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ቀዳማዊ ኮምኒኖስ ደሴቱን ለመነኩሴው ለክሪስቶዱሎስ ሰጠው። ቅጥሩ ምሽግ የሚመስለው የባሕር ወንበዴ ስለነበረ ነው። ገዳሙ፣ ዋሻውና ሆራ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የሙዚየሙ መግቢያ ይከፈላል፣ ሳንቲም ያዙ። እዚያ ሳትገቡ እንዳትመለሱ። ንጉሡ ደሴቱን የሰጠበት ደብዳቤ አለ። በስድስተኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎችም አሉ፤ ሐምራዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ። ገዳሙ 33 ቅጠል አለው፤ የቀረው በተለያዩ አገሮች ተበትኗል። ብራና እየዳመጡ፣ ቀለም እየበጠበጡ የሚጽፉ አባቶች ላሉን ለእኛ ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም።

አለባበስ ላይ ቀልድ የለም። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ልብስ፣ አጭር ቀሚስ አይገባም። ሴቶች ረጅም ቀሚስ ብታደርጉ ማንም አያስቸግራችሁም።

ቅዳሴ ላይ መቆም፣ ጧፍ ማብራት፣ ሥዕል መሳለም ይቻላል። ቁርባን ግን አይቻልም። የእኛ ቤተ ክርስቲያንና የግሪኮቹ በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ አንድ ማዕድ የላቸውም። ከየት እንደመጣችሁ ሲጠይቋችሁ በግልጽ ተናገሩ። መነኮሳቱ ኢትዮጵያ ሲባል ፊታቸው ይበራል፤ ጨዋታም ይከፈታል።

8. በጾም ወቅት ምን ይበላል?

ይሄኛው ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚሄድ ነገር ነው። ፍልሰታ የሚገባው ኦገስት 7 ነው፣ የሚፈታው በ22። ግሪኮቹም ለእመቤታችን ይጾማሉ፤ የእነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው። በ15 እነሱ ሲፈቱ እናንተ ገና ሳምንት ይቀራችኋል።

የጾም ምግብ "ኒስቲሲሞ" ይባላል። በዚህ ቃል ብትጠይቁ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ግን ጥንቃቄ። በግሪኮቹ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ደም የላቸውም ተብለው ጾም ውስጥ ይበላሉ። ስለዚህ "ኒስቲሲሞ ነው" ብሎ የባሕር እንስሳ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። በአትክልት ብቻ እንደምትፈልጉ ጨምራችሁ ተናገሩ።

ደግነቱ የግሪክ ማዕድ ለጿሚ ደግ ነው። ፋቫ የሚባለው ከአተር ክክ ጋር ዝምድና ያለው፣ ተፈጭቶ በወይራ ዘይትና በሽንኩርት የሚቀርብ ነው፤ ለእኛ አፍ ወዲያው ይስማማል። ጊጋንቴስ ትልልቅ ቦሎቄ በቲማቲም የተጋገረ ነው። ጌሚስታ በሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ ነው፤ አንዳንዴ ሥጋ ይገባበታል፣ ጠይቁ። ሆርታ የተቀቀለ ቅጠል ነው፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ብሪያም የተጋገረ ድንች፣ ዙኪኒና ደበርጃን ነው። ሰላጣ ስታዝዙ አይቡ እንዳይጨመር ተናገሩ። የሚያቃጥል ነገር አትጠብቁ፤ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይዞ መሄድ የግል ምርጫ ነው፣ እኔ ግን እይዛለሁ።

የማይጾም ሰው ደግሞ የደሴቱን የአይብ ኬክ ሳይቀምስ አይመለስ፤ ዳቦ ቤት ጠዋት ይገኛል። ወደቡ ፊት ለፊት ያሉት ምግብ ቤቶች ማታ ከ21:00 በኋላ ይሞላሉ። 19:30 ላይ ብትሄዱ ቦታ ታገኛላችሁ።

9. ባሕሩና ነፋሱ

በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ሜልቴሚ ይሉታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ለቀናት ይነፍሳል። ሙቀቱን ያበርዳል፣ ግን ባሕሩን ያስቆጣል። በዚህ ቀን ወደ ሰሜን የዞረው ላምቢ ለዋና አይሆንም፤ ባለቀለም ጠጠሩን ለማየት ግን ሂዱ። ግሪኮስ ይሻላል። አሸዋ ለሚፈልግ ፕሲሊ አሞስ አለ፦ ጠዋት ከስካላ በጀልባ ሄዶ ከሰዓት መመለስ ነው። ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የመመለሻ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ውኃና ምሳም ያዙ። ነፋስ ሲበረታ ጀልባው አይወጣም።

ካምቦስ ልጅ ላለው ቤተሰብ የተመቸ ነው፤ አውቶቡስ ይደርሳል፣ ዛፍ ጥላ አለ። የሚከራይ ወንበርና ጃንጥላ ካልፈለጋችሁ ፎጣችሁን ዘርግታችሁ መቀመጥ መብታችሁ ነው። በግሪክ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ዋና የማይችል ሰው ነፋስ ባለበት ቀን ከወገቡ በላይ ውኃ ውስጥ አይግባ፤ አደራ።

ስኩተር ለመከራየት የሞተር መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ከሆነ ዓለም አቀፉንም ጨምሩ። አንዳንድ አከራይ ሳይጠይቅ ይሰጣል። አደጋ ሲደርስ ግን ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ያንኑ ወረቀት ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ነፋሱ ጎን መቺ ነው። በአውቶቡስ ብትሄዱ ምንም አይቀርባችሁም።

10. ትንንሽ ግን የሚያስፈልጉ

የሽንት ቤት ወረቀት መጸዳጃው ውስጥ አይጣልም፤ አጠገቡ ያለው ቅርጫት ለዚህ ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል። ለመጠጥ የታሸገ ውኃ ግዙ፤ ትንሹ ግማሽ ሊትር በኪዮስክ ዋጋው በሕግ 50 ሳንቲም ነው። ሻወር ላይ አትቆዩ፣ ደሴቱ የውኃ ችግር አለበት።

ከ15:00 እስከ 17:30 የዕረፍት ሰዓት ነው። ሙዚቃ፣ ጩኸት፣ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። እናንተም ተኙ፤ ያን ሰዓት ፀሐዩ አያስወጣም።

ድንገተኛ አደጋ ሲገጥም ለሁሉም 112 ነው። በዚሁ ስም ስልካችሁ ላይ በታላቅ ድምፅ መልእክት ከመጣ የእሳት ወይም የከባድ ሙቀት ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንብቡት። ሣሩ ደርቋልና ሲጋራም ሆነ የጧፍ እሳት ደጅ አትጣሉ።

11. መመለሻው

ነፋሱ በቦፎር መለኪያ 8 አካባቢ ሲደርስ የወደብ ባለሥልጣን መርከቦችን ያግዳል። ፈጣኖቹ ጀልባዎች ቀድመው ይቆማሉ። በነሐሴ ይሄ ብርቅ አይደለም። አራት ሌሊት ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሁለት ሌሊት ብቻ የያዘ ሰው አንዱን ነፋስ ሊወስድበት ይችላል።

ስለዚህ ከደሴቱ በወጣችሁበት ቀን አትብረሩ። ቢያንስ አንድ ሌሊት አቴንስ እደሩ፤ ከኮስ ወይም ከሳሞስ የምትበሩም እዚያው። ከመነሻችሁ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ የነፋሱን ትንበያ ተከታተሉ። ቢከፋ ስካላ ያለው ትኬት ቢሮ ሄዳችሁ ትኬቱን በአንድ ቀን ማስቀደም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ሁሉ ሳይነቃ ጠዋት ሂዱ።

መርከቡ ከተሰረዘ በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ወይ በሚቀጥለው መርከብ መሄድ ወይ ገንዘባችሁን መቀበል መብታችሁ ነው። ምክንያቱ አየር ከሆነ ግን የሆቴሉን ወጪ ድርጅቱ አይሸፍንም፤ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ ይሄን ይጨምር እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። የተሰረዘበትን ማስረጃ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ አከራያችሁ ደውሉና ክፍሉን ለአንድ ሌሊት አራዝሙ፤ እናንተ እንዳልወጣችሁ ሁሉ የሚቀጥለውም እንግዳ አይገባምና ክፍሉ ብዙ ጊዜ ይገኛል።